የሳሊህ ጎባጣ ዓሦች

ለዓይኔ ሕክምና ጎንደር በወጣሁበት መንገዱ ተዘጋና እዚሁ ቀረሁ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል እየሰማሁ፣ የልጄ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከመናኸሪያ የሚመጣ ወሬ እጠብቃለሁ። የቆላ ሰው ደጋ ላይ ሲከርም የሚያስቸግረው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ሰዉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ መስኮቱንም ይዘጋል፣ ጨዋታው ሁሉ በግድግዳ ውስጥ ነው። ባለፈው የቀጠሮዬ ቀን ደርሶ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከነመብራቱ ቆሟል። ዓይኔ ካልቀረበ አይለይምና ተነሥቼ ተጠጋሁ። ከማየቴ በፊት ሽታው ቀደመኝ፤ የከረመ ሙቅ ውሃ ሽታ፣ ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ ላይ የሚወጣው የዚያ አረንጓዴ ነገር ሽታ።

ዓሦች ናቸው። ሆዳቸው እንደ ሎሚ ተነፍቷል፤ ጀርባቸው ታጥፎ ጭንቅላታቸው ወደ ታች አዘቅዝቋል፤ አንዲት ስንዝር ለመሄድ ሰውነታቸውን በሙሉ ያርገፈግፋሉ። ካርድ የምታወጣው ልጅ አየችኝና፣ «ያምራሉ አይደል አባባ?» አለችኝ። «ውድ ዓይነቶቹ ናቸው። እንደዚህ ክብ እንዲሉ ተብሎ ነው የሚራቡት።»

«ማን ነው እንዲህ ይሁኑ ያለ?» አልኋት።

«እኔ እንጃ፣ ከውጭ ነው የሚመጡት፤» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስሜ ቢጠራም አልሰማሁም። ጆሮዬ እዚያ አልነበረም። መተማ ዮሐንስ ነበር፤ የሳሊህ ሽቶ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ።

የዚያን ጊዜዋን መተማ ያላየ ሰው ዛሬ ብነግረው አያምነኝም። ዋናው መንገድ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ይወርድና ኬላው ላይ ያልቃል፤ ከኬላው ማዶ ገላባት ነው፣ ሱዳን። ከተማዋ በሙሉ ወደዚያ ያዘነበለች ስለሆነች፣ ብርቱካን ከእጅህ ቢወድቅ ተንከባሎ ድንበር ይሻገራል እንል ነበር። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ያውም ዝንጅብል ያለበት፣ ስኳሩ ከማዶ የመጣ። የሱሪ እግር ማሳጠር አንድ ብር ነበር፤ ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ ለሚወርዱት ልጆች ደግሞ ቁምጣቸውን ጥፌ «ሂድ ስትመለስ ትሰጠኛለህ» እላለሁ። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው የወረዱ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ ነጭ ጀላቢያና መርኩብ የሚሉትን የሱዳን የቆዳ ጫማ ገዝተው፣ ራሳቸውን በመኪና መስታወት እያዩ ይወጣሉ። የሱዳን ሴቶች ቶባቸውን ተጠቅልለው ሲያልፉ ቀለሙ ብቻ ከሙቀቱ ያሳርፍ ነበር፤ ብርቱካናማው፣ የባሕር አረንጓዴው፣ ያ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለው። ከሻይ ቤቶቹ የዑድ ዘፈን ይሰማል፤ ካሴቱ በሙቀት ተለጥጦ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ይጎትተዋል፤ እኛ ዘፈኑ እንደዚያ የተዘፈነ ይመስለን ነበር። ዛሬ ከማዶ የሚሻገረው ሰው ፍራሽ የተሸከመ ነው። ማንም ዘፈን ይዞ አይመጣም።

እኔን ሰይድ ልብስ ሰፊው ይሉኝ ነበር። የእግር መኪናዬን ያቆምሁት ሳሊህ ሽቶ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ሳሊህ የጎንደር ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ጀላቢያው የማይቆሽሽ። ሰንደል፣ ሽቶ፣ የሙሽራ መታሻ ድልካ ይሸጣል። ሚስቱ ልጅ ትታለት ቀድማ ሞተች፤ ልጅቱ ሐያት ትባላለች። ሐያት ገና ስታድግ የሳንባ ነቀርሳ ወደ አከርካሪዋ ወርዶ ጣላት። ሳሊህ ክረምት ነው ብሎ አልተወም፤ በጭነት መኪና ጭኖ፣ ጭቃው ሲይዛቸው በሰው ትከሻ አሸክሞ ጎንደር አወጣት። ዳነች። ጀርባዋ ግን እንደ ታጠፈ ቀረ። ሐኪሙም፣ «በሽታው ሄዷል፤ አጥንቱ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፤» አለው።

ከዚያ በኋላ ነው ሳሊህ መጋረጃውን የሰቀለው። ትምህርት ቤት ልጆች «ግመል» ቢሏት አስወጣት። ገበያ ሰው ዞሮ ቢያያት ገበያ ከለከላት። ሱቁ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ፣ በመካከሉ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ፤ የሐያት ዓለም ከዚያ መጋረጃ ወዲያ ያለው አንድ ክፍልና ግቢው ነበር። በክፋት አይደለም። እንደ ሳሊህ ልጁን የሚወድ አባት አላየሁም፤ ምሳዋን ራሱ ይሠራላት ነበር። ቀሚስ ላሰፋላት ሲል፣ «ሰይድ፣ ከትከሻው ሰፋ አድርገው፣ እንዳያስታውቅ፤» ይለኛል። እኔም ሰፋ አደርገዋለሁ። በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ፣ ልጅቱ ስትተነፍስ ከበረንዳው ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ዓሦቹም የመጡት ለእሷ ብሎ ነው። ካርቱም ያለ የሽቶ ነጋዴ ወዳጁ በአየር በተነፋ ላስቲክ ውስጥ ሰጥቶት፣ ላስቲኩን ድስት ውስጥ አስቀምጦ፣ ድስቱን ጭኑ ላይ ይዞ መጣ። ሞሊ ይሏቸዋል፤ እንደ ከሰል ስባሪ የጠቆሩ፣ ትንንሽ። መስታወት ቆራጩ ገንዳ ገጠመለት። ሐያት ገንዳው ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያ መነሣት የለም። እነዚህ ዓሦች እንቁላል አይጥሉም፣ ልጃቸውን በሕይወት ነው የሚወልዱት፤ የመጀመሪያዋ ዓሣ የወለደች ቀን ሳሊህ በረንዳው ላይ ለሁላችን ሻይ አዘዘ። ከአንዱ ውልድ ግን አንዲቱ ጀርባዋ ታጥፎ ወጣች። ሳሊህ በሻይ ማጥለያ ጨልፎ ሊያወጣት ሲል ሐያት እጁን ያዘችው።

«ተዋት አባ።»

«ይቺ አትኖርም ልጄ።»

«እኔስ አትኖርም አልተባልሁም ወይ?»

ተዋት። ሐያትም ሙሽሪት ብላ ጠራቻት፤ ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ስለምትሄድ፣ አይነ አፋር ሙሽራ ትመስላለችና። ሙሽሪት ኖረች። ሐያት ከእሷ ጋር ስታወራ መጋረጃው ውስጥ እንሰማታለን። አባትየው ይኸን ሰምቶ፣ ልጄ ብቻዋን አይደለችም ብሎ፣ ሌላ እንደ ሙሽሪት ያለ እንዲወለድ ፈለገ። የዚህ ሁሉ ነገር መጀመሪያው ይኸ ነው። ሰዎች በኋላ ሳሊህ ለገንዘብ ብሎ ነው የጀመረው ሲሉ እሰማለሁ፤ አይደለም፣ ለገንዘብ አልነበረም።

ሙሽሪት አድጋ ስትወልድ ከገዛ ልጇ ጋር ለብቻ አደረጋት። ከሚወለዱት ውስጥ ጎበጥ ያለውን ያስቀራል፤ ቀጥ ያለውን በማጥለያ ጨልፎ ለጎረቤት ድመት ይሰጣል። ድመቲቱ ሰዓቷን አውቃ በረንዳው ላይ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ እኅትን ከወንድም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

«ሳሊህ፣ እናትን ከልጇ፣ ኧረ ምን ነክቶህ ነው?» አልሁት።

«ዓሣ ነው እኮ ሰይድ! ዓሣ ዘመድ አያውቅም።»

«ዓሣው ባያውቅ አንተ ታውቅ የለም ወይ?»

ሳቀብኝ። «አንተ ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱን ይቅርታ ታስጠይቀዋለህ?» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳሊህ ጨዋታ ያውቅ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጎባጣው ዘር ያዘ። ሲወለዱ ሁሉም የታጠፉ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ክብ ሆኑ። የካርቱም ነጋዴ አየና አንዱን በፍየል ዋጋ ገዛው። ቀጥሎ አንድ የጎንደር ሆቴል አዘዘ። ሳሊህም ገንዳውን ከመጋረጃው ወዲያ አውጥቶ መንገድ ላይ በሚያሳየው መስኮት አቆመው፤ ሌላ ጨመረ፣ ሌላም። ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ያዩ ነበር። ከገለጉ ድረስ በእግሩ መጥቶ ከሐኪም ቤት በፊት የሳሊህን ዓሣ ያየ ገበሬ አውቃለሁ። ሳሊህ ገዢ ሲመጣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ፣ «ይቺን ጉብጠት እዩልኝ፤ ውበቷ እሱ ነው። ዘሩ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤» ይላል። ያቺን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላት! እኔ እንኳ ከመኪናዬ ድምፅ ጋር አብሬ እላት ነበር።

ገዢው የማያየውን ሐያት ታያለች። ገንዳውን የምታጥበው እሷ ናት፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ። ዓሦቹ ምግብ ለመልቀም ወደ ላይ ሲወጡ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፉ ነው። ሴቶቹ ለመውለድ ሲደርሱ ሆዳቸው ቦታ ያጣል፤ ግማሾቹ እየወለዱ ይሞታሉ። ቀጥ ያለው የሚኖረውን ግማሹን አይኖሩም። በሚያዝያ፣ ያ የመተማ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያስጮኸው፣ ውሃው ይሞቅና ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ከታች ይጋደማሉ። አንድ ከሰዓት ሐያት አባቷን ጠርታ፣ «አባ፣ ና እያት፣ ይቺ እንደኔ ነው የምትተነፍሰው፤» ስትለው ሰማሁ። በኀዘን አልተናገረችውም። ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ሳሊህ ከገላባት በረዶ አስመጥቶ በላስቲክ አድርጎ ውሃው ላይ አንሳፈፈ።

ሐኪም ቤት ያየኋቸው የእነዚያ ዘር ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ዓለም ላይ ይኸን የሚሠራ ሳሊህ ብቻ አይደለም ይላሉ፤ የልጅ ልጄ በስልኩ አሳይቶኛል፣ ዓይናቸው ወጥቶ እንደ ፊኛ የተንጠለጠለ፣ አፋቸው የማይገጥም፣ ክንፍ የሌላቸው። «አያ፣ እነዚህ እኮ ይወዳደራሉ፣ ሽልማት አላቸው፤» አለኝ። ማን ነው የሚሸለመው ብዬ ብጠይቀው፣ ባለቤቱ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የሰውን ገላ ስለካ ኖሬአለሁ፤ ልክ የሆነ ገላ አላጋጠመኝም። አንዱ ትከሻ ይወርዳል፣ አንዱ እግር ያጥራል። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ለገላው ይቆርጣል እንጂ ገላውን ለጨርቁ አይቆርጥም። ይኸን ለልጁ ብነግረው ሳቀ። ወደ መተማ የሚሄድ መኪና ዛሬም የለም።

ኑሩ የሚባል ልጅ ነበር። እናቱ እትዬ ራሕማ የከተማው ወፍጮ ባለቤት ናት፤ ኑሩ ደግሞ ሰሊጥ ይነግዳል። ለእናቱ ሽቶ ሊገዛ ገባ። በሳምንቱ ደግሞ ገባ። ሳሊህ ከሌለ ሐያት ከመጋረጃው ኋላ ሆና ዋጋ ትናገራለች፤ ኑሩም ዋጋውን ከእሷ ለመስማት ሲል የማይፈልገውን ዕቃ ሁሉ ይጠይቃል። ይኸን ያህል ሽቶ ከመግዛቱ የተነሣ እሱ ሲያልፍ ውሻ ያስነጥስ ነበር። መጀመሪያ ዋጋ ነው የሚያወሩት፤ ቆይቶ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዓሦቹ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ስላለው ዛፍ። እሷ ወንዙን አይታው አታውቅም። አንድ ቀን መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣችና ሽቶውን በእጇ ሰጠችው። ጀርባዋን አየ፤ አየና የያዘውን ወሬ ቀጠለ። እኔ ያን ቀን መርፌዬን ጣቴ ውስጥ ሰክቼ ነበር።

ሽማግሌ ላከ። ሳሊህ ከደስታው ብዛት ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ማምጣት ረስቶ ቆመው ነገሩት። እትዬ ራሕማ ግን ሽማግሌ አልላከችም፤ ራሷ መጣች። እጇን ሂና ተቀብታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ከሱቁ ገብታ ሳትቀመጥ ገንዳው ፊት ቆመች። ሳሊህ ወንበር ያዘ።

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ ራሕማ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ሳሊህ፣ ልጅህ ጨዋ ናት፣ ሁሉም ይመሰክራል። ክፉ ልናገራት አልመጣሁም። ግን ያለኝ አንድ ልጅ ነው። የልጅ ልጅ ማየት እፈልጋለሁ፤ ቀጥ ያለ።»

«የሐያት እኮ ሕመም ነው። ሐኪም ያወቀው ነው። በዘር አይሄድም፣ ወላሂ አይሄድም። እናቷን ያውቋት የለም ወይ? እኔንስ አያዩኝም?»

እትዬ ራሕማ በቀላው ጥፍሯ መስታወቱን ኳ ኳ አደረገችው። ዓሦቹ እየተርገፈገፉ መጡ።

«የመጀመሪያዋ ጎባጣ እናቷ ቀጥ ያለች አልነበረችም? አንተው ነህ የነገርኸን። ይኸን ሁሉ ዘመን በዚህ መስኮት ምን ስታሳየን ኖርህ? ዘሩ ከያዘ አይለቅም እያልህ አይደለም ወይ የሸጥኸው?»

«ያ ዓሣ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳሊህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

«ዓሣ መሆኑንማ አያለሁ።»

«ጎንደር ልውሰድዎት፤ ሐኪሙን ራስዎ ይጠይቁት።»

«ሐኪሙ ምን ይለኛል? እሱ የሚለኝን እሰማለሁ፣ የማየው ግን ይኸ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ያየው ይኸን ነው። እኔ ባምንህ እንኳ ልጁ በተወለደ ቁጥር ሰው መጥቶ ጀርባውን ይደባብሳል። ይኸን አንተ ነህ ያስተማርኸን፤ እኔ አይደለሁም።» ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «ሰይድ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ብሆን ኑሩን እጠይቀው ነበር፤» አልኋት። ቁልቁል ወረደች።

ሱቁ ውስጥ ሳሊህ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። መጋረጃው ተገለጠና ሐያት ወጣች። ቀትር ነው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። ሳሊህ ከልማዱ የተነሣ በሩን ሊዘጋ ተነሣ።

«ተወው አባ፣ አትዝጋው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚህን ስትሸጥ ለገዢው ምን ትላለህ?»

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው እንዴ ልጄ?»

«ውበቷ ጉብጠቷ ነው ትላለህ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ስሰማው ኖርሁ። እውነትህን ከሆነ እኔን ለምን ደበቅኸኝ? ውሸትህን ከሆነ እነሱን ለምን ሠራሃቸው?»

ሳሊህ ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው የጀመርሁት። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ሙሽሪትን ተዋት ያልሁህ፣ እሷ ተወልዳ ነበርና። የተወለደን መተው ሌላ ነው፣ እንዲህ ሆነህ ተወለድ ማለት ሌላ ነው። እኔ መተንፈስ ሲያቅተኝ አላህን እጠይቀዋለሁ፤ ያውቃል እላለሁ፣ ያልፍልኛል። እነሱ ማንን ይጠይቁ አባ? አንተን ነው የሚጠይቁ።»

የሻይ ማጥለያውን አነሣች። ሰው እያያት፣ አንዳንዱም በሩ ላይ ቆሞ፣ ወንዶቹን ወደ አንዱ ገንዳ ሴቶቹን ወደ ሌላው እየጨለፈች ለየቻቸው። ሳሊህ አልከለከላትም። ረጅም ሥራ ነበር፤ ዓሦቹ መሸሽ ስለማይችሉ ግን አንዱም አላመለጣትም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ነው እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ የተቀመጠው። የዚያን ሰሞን ኬላው ተዘጋ፤ ምክንያቱን ማንም በትክክል አልነገረንም። የጭነት መኪናዎቹ ቁልቁለቱን ሞልተው ቆሙ፣ ሾፌሮቹ ከጎማቸው ሥር ተኙ፣ ገበያው ተኛ። ከማዶ በረዶ አይመጣም፣ ገዢ አይመጣም። ኑሩ ከእናቱ ተጣልቶ ገለጉ አጎቱ እርሻ ሄዷል፤ ሐያት ስሙን አታነሣም። ሳሊህ ገንዳዎቹ መካከል ተቀምጦ ይውላል። አንድ ቀን፣ «ሽንፋ ወንዝ ወስደህ ልቀቃቸውና ተገላገል፤» አልሁት።

«እሱን ያላሰብሁት መሰለህ? ለወንዝ የሚሆን ጀርባ አልሰጠኋቸውም። ከእጄ ሳይወጡ ይሞታሉ።»

«ሽጣቸዋ እንግዲያው፣ ኬላው ሲከፈት።»

«የሸጥሁት ሁሉ ሌላ ጎባጣ ይወልዳል። እስካሁን የሸጥሁትስ የት ደርሶ ስንት ወልዶ ይሆን? ማንን ሄጄ መልሱልኝ ልበል?» ደግሞም፣ «ለመግደልም እጄ እምቢ አለኝ፤» አለ።

የሚያወጣው መንገድ አልነበረም፤ ተቀምጦ ማኖር ብቻ ቀረው። ውሃውን ቀንሶ ጥልቀቱን ስንዝር አደረገው፣ ወደ ላይ ለመውጣት እንዳይደክሙ። ምግቡን አርጥቦ አፋቸው አጠገብ ያደርግላቸዋል። ከሰዓት ሲሆን ጀላቢያውን ሰብስቦ መሬት ላይ ይቀመጥና ውሃውን በካርቶን ያራግባል። ያን ጊዜ ማንም ሽቶ ሊገዛ ቢመጣ አይነሣም። አንዳንድ ቀን ሐያት መጥታ ካርቶኑን ትቀበለዋለች፤ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሲያራግቡ ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት የሞተውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ይቀብራል። ድመቲቱ በረንዳው ላይ እስክትሰለች ጠበቀች። እየቆየ ገንዳዎቹ ባዶ ሆኑ፤ ኬላው ተከፍቶ እንደገና ከተዘጋ በኋላ እንኳ ጥቂቶቹ ነበሩ። የመጨረሻዋ ስትሞት ሳሊህ መስታወቶቹን ለመስኮት ሰጠ። መጋረጃውን ግን ሐያት ራሷ አወረደችውና አምጥታ፣ «የሆነ ነገር አድርገው፤» አለችኝ። ለአንድ የወሎ አጫጅ የጆንያ ማሰሪያ ሆነ።

ኑሩ የተመለሰው ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ፀሐይ አክስሎት፣ እጁ ሻክሮ፣ ከአጎቱ ጋር ቀጥታ ወፍጮ ቤት ገባ። ወፍጮው እየሠራ ስለነበር የሚናገረውን መንገዱ ሁሉ ሰማው፤ «እማ፣ እኔ ሐያትን ነው የማገባ! ዓሣ አይደለም!» ብሎ ጮኸ አሉ። እትዬ ራሕማ ወፍጮውን አጠፋች። አልመረቀችም፣ አልረገመችምም፤ «እንግዲህ ያንተ ነው፤» ብላ ወፍጮውን መልሳ አስነሣች። ለሠርጉ ቀሚሱን እኔ ሰፋሁ። ሐያት ልትለካ በረንዳው ላይ ቆመች፤ እኔም እንደ ልማዴ ሜትሩን ሰፋ አድርጌ ስይዝ፣ «አይ ጋሽ ሰይድ፣ ልኬን ስፋው፤» አለችኝ። ልኳን ሰፋሁት። ነጭ ሳቲን ነበር፣ ከማዶ የመጣ፣ እጅ ላይ የማይቆም። ስትወጣ ጀርባዋ ከነመታጠፉ ታየ፤ እልልታው ለአፍታ ጎደለና ተመልሶ ሞላ።

ስታረግዝ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። ከተማው ሆዷን ማየት ጀመረ። በፊት ቤት ውስጥ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ አሁን መንገድ ላይ ትሄዳለች፣ ዓይን ግን ይከተላታል፤ ውሃ ስትቀዳ፣ ወፍጮ ቤት ስትገባ፣ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሳሊህ ምግብ ተወ። በረንዳዬ ላይ መጥቶ ይቀመጥና፣ «ሐኪሙ በዘር አይሄድም ብሎኛል አይደል ሰይድ? ነግሬህ የለም ወይ?» ይለኛል። «ብሏል፤» እለዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል። የሚያውቀውን ነገር ዓይኑ አላምን አለው፤ በገዛ እጁ ያሳየውን ከገዛ ዓይኑ ማውጣት አቃተው። ጀርባዋ እንደዚያ ሆኖ መተማ መውለድ አትችልም ስለተባለ፣ ጭቃው መንገዱን ሳይቆርጠው ጎንደር ወጣች፤ ኑሩና ሳሊህ አብረው ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ ወሬ አልነበረም። ሳሊህ በክረምቱ መግቢያ ሱቁን አይቶ ለመመለስ በእግርም በመኪናም ወረደ፤ ሊመለስ ሲል ድልድይ ተቆርጦ መተማ ቀረ። በረንዳው ላይ እንደ ታሰረ ሰው ይንጎራደድ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት መኪና መጣ። ኑሩ ቀድሞ ወረደና ሕፃኑን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ለሳሊህ ሰጠው፤ በቀዶ ሕክምና ነው የተወለደ፣ ወንድ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ እትዬ ራሕማም ዱቄት እንደነካት ከወፍጮዋ ወጥታ ቆማለች። ሳሊህ ስሙን እንኳ አልጠየቀም። ጨርቁን ፈታው፣ ሕፃኑን መዳፉ ላይ በሆዱ አስተኛው፣ አውራ ጣቱን ማጅራቱ ላይ አድርጎ አከርካሪውን ቀስ ብሎ ቁልቁል ወረደበት።

«ቀጥ ያለ ነው!» አለ። «ሰይድ፣ ና እይ፣ ቀጥ ያለ ነው! እትዬ ራሕማ፣ ይምጡ ይዩ! አልሐምዱሊላህ፣ ቀጥ ያለ ነው!» ያለቅስ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሐያት ከመኪናው ወርዳ በሩን ተደግፋ ታየው ነበር። ከስታለች፣ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

«አባ፤» አለችው።

«ወይ ልጄ! ወይ የኔ ዓለም!»

«ጎብጦ ቢሆንስ ኖሮ?»

እልልታው አቆመ። ሳሊህ ሕፃኑን እንደያዘ ቀረ፤ ጣቱ ገና ጀርባው ላይ ነበር። ሐያት ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ቀርባ ልጇን ከእጁ ላይ አነሣችና፣ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችለት።